ለእንግዳ የተቀመጠው ክፍል

ቤተሰብ ተቀጣጥሮ ከሚገናኝ ይልቅ ሳይቀጣጠር ቢገናኝ፣ እያንዳንዱ በሆዱ የያዘው ቶሎ ይገለጣል። አቶ ካሣዬና ልጃቸው ኂሩት ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተገናኙት በቤታቸው ሳይሆን አባት በሚኖሩባት በዋሊሰለን ከተማ በሚገኝ የቀለምና የቤት ማደሻ ዕቃ መደብር ነበር። አቶ ካሣዬ በእጃቸው ምርኩዝ፣ በብብታቸው አንድ ጥቅል ላስቲክ ይዘው ወደ ሒሳብ መክፈያው ሲያዘግሙ፣ ከጄኔቭ በማታው ባቡር ትመጣለች ያሏት ልጃቸው የቀለም ባልዲና ወፍራም የብረት እጀታዎች የጫነ ጋሪ እየገፋች ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባባ! እግርዎ ገና ሳይድን ማን ይውጡ አለዎት?»

«አንቺስ? ይኼን ሁሉ ብረት የምትገዢው እስር ቤት ልትሠሪልኝ ነው?»

«መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚይዙት ነው። ላስቲኩስ?»

«ለሶፋው ነዋ! የእናትሽ ሙት ዓመት ደረሰ፤ ሰው ይመጣል። አሮጌው ላስቲክ ተቀዷል።»

ኂሩት ሳቋ መጣ። «ሶፋው እኮ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጀምሮ እንደተሸፈነ ነው። ቀለሙ ምን ነበር?»

አቶ ካሣዬ አሰቡ፤ አልመጣላቸውም። «ደኅና ቀለም ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብ ካረፉ ወዲህ አቶ ካሣዬ ብቻቸውን ነበሩ፤ በፋሲካ ሰሞንም ከደረጃው ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎድተዋል። ቤት ለቤት የምትረዳቸው ነርስ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ መኝታቸው ወደ ታች ካልወረደ አልተርስሃይም፣ ማለትም የአረጋውያን መኖሪያ፣ መግባት ይኖርባቸዋል። ሰኞ መጥታ ታያለች። ከታች ደግሞ ከወጥ ቤቱና ከትንሿ መታጠቢያ ቤት ሌላ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሳሎኑ።

ቤት ገብተው እንደ ልማዳቸው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በጠባቧ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ክርክሩም ተጀመረ።

«አልጋዎን ሳሎን እናውርደው» አለች ኂሩት።

«ሳሎን ውስጥ አልጋ! የመጣን ሰው ትራሴ ሥር ላስቀምጠው? ካሣዬ ደኸየ፣ ቤቱ ጠበበው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው? እስቲ ስሙን ይጥሩልኝ።»

«ሰው ስም የለውም። ስም ቢኖረውማ መልስ እንሰጠው ነበር።»

«ዳኮር፣ ይሁን። ከለቅሶው ወዲህ እዚያ ክፍል ማን ተቀመጠ?»

«ዳኮርሽን እዚያው ጄኔቭ ተዪው። ኅሩይ መጥቶ ነበር።»

አቶ ኅሩይ ኦርሊኮን ፋብሪካ ውስጥ አብረዋቸው ያረጁ ወዳጃቸው ናቸው።

«ጋሽ ኅሩይማ የተቀመጡት እዚህ ወጥ ቤት ነው። ራሳቸው ነግረውኛል። ‹የአባትሽ ላስቲክ ያንሸራትተኛል፤ እኔም እንደሱ ልወድቅ ነው እንዴ?› አሉኝ።»

አቶ ካሣዬ ፈገግታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

እዚህ ላይ ለአቶ ካሣዬም መፍረድ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሰው አገር ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ የኖረ ሰው፣ ቢያንስ በገዛ ደጃፉ አስተናጋጅ መሆን ያምረዋል። በየቢሮው በር ወንበር ጠብቆ የቆመ ሰው፣ ለመጣበት ሁሉ ወንበር ያዘጋጃል። ልማዱ የመጣው ከክብር ነው እንጂ ከድንቁርና አይደለም። ሆኖም ከክብር የመጣም ልማድ ሲበዛ ባለቤቱን ከቤቱ ያስወጣል።

«እናንተ ‹ከራስ በላይ ነፋስ› የሚለውን ተማራችሁ» አሉ አቶ ካሣዬ። «እኛ ግን ሰው ሲመጣ ከምንተኛበት ተነሥተን ነው ያደግነው። እንግዳ የማይቀመጥበት ቤት ቤት ነው?»

«እንግዳ ማክበርን አልነቅፍም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን አባባ፣ አልተርስሃይም ከገቡ ሳሎኑም አይኖርም። ቤቱን ሌላ ሰው ይከራየዋል። የእማዬንም አትክልት ነቅሎ ሣር ያለብሰዋል። ታዲያ ላስቲኩን የምናለብሰው ለማን ነው?»

«እሷን አታንሺብኝ።»

«ላነሣ ነው። ጉልበቷን እያመማት ፀሐይ የማያገኛት ክፍል ውስጥ ለመተኛት ደረጃ ስትወጣ፣ ሰፊው ክፍል ባዶውን ያድር ነበር። እኔም ከጄኔቭ ስመጣ ሳሎን አስቀምጣ ታስተናግደኛለች። ትሪ ይዛ ስትመላለስ ‹እማዬ፣ አረፍ በይ› እላለሁ፤ ተነሥቼ ግን አልተቀበልኳትም። ልጇ ሆኜ እንግዳዋ ሆንኩ።»

ኂሩት ተነሥታ የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው፤ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ሶፋ ላይ የተቀደደውን ላስቲክ ገፈፈችና «ይቀመጡ» አለቻቸው። ሶፋው አረንጓዴ ነበር።

አቶ ካሣዬ በዚያ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። የቤቱ ጌታ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው፤ መስኮቱ የእንግዳ ነው። አሁን ተቀምጠው ወደ ውጭ ሲያዩ ያልጠበቁት ነገር ታያቸው። ከወጥ ቤቱ በኩል የሚታየው የፍግ በርሜልና የመሣሪያ ሳጥን ጀርባ ብቻ ነበር። ከዚህ ሲታይ ግን እንጆሪው ከፊት ዝቅ ብሎ፣ ጤና አዳሙ ከመሐል፣ ጽጌረዳው ከአጥሩ ሥር ከፍ ብሎ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጋርድ ወደዚህ መስኮት ዞሮ ቆሟል። አረም ቢወርሰውም አደራደሩ አልጠፋም።

«ለዚህ መስኮት ብላ ነው የተከለችው» አሉ ቀስ ብለው።

ኂሩት ከጎናቸው ቆማ ወደ ውጭ አየች።

«መስኮቱን ስትወለውል ትቆይ ነበር። እዚህ ጋ። ጨርቅ ይዛ። ‹ይብቃሽ፣ መስተዋቱ አለቀ እኮ!› እላታለሁ፤ ትስቅና ትንሽ ቆይታ ትሄዳለች። ቆሻሻ አልነበረበትም ለካ።» ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና መልሰው አስቀመጡት። «የገዛ አትክልቷን ለማየት ጨርቅ መያዝ ነበረባት። ቁጭ በይና እዪው አላልኳትም፤ አልመጣልኝማ፣ ልጄ። ቦታው የሰው ነው ብዬ።»

በመጨረሻ «አልጋውን አውርዱት» አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት ኂሩትና የጎረቤቱ ሰውዬ አልጋውን ፈትተው አወረዱ፤ አቶ ኅሩይ ተጠርተው መጥተው እያዘዙ «ግራ! ኧረ ግራ!» ሲሉ ዋሉ። ሰኞ ነርሷ መጣች፤ እጀታዎቹን በእጇ ሳብ ሳብ አድርጋ፣ አልጋውንም አይታ፣ የአረጋውያን መኖሪያውን ነገር እንዲተዉት ነገረቻቸው። በሳምንቱ ኂሩት ግድግዳውን ቀባች፤ አቶ ካሣዬ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚነቀለውን ከሚቀረው እየለዩ አረሙን አስነቀሏት።

ለሙት ዓመቱ ሰው መጣ። ከፊሉ ሶፋው ላይ፣ ከፊሉ አትክልቱ ውስጥ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ስም የለሹም ሰው አልቀረም፤ አንዲት ሴት ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ «አልጋ ሳሎን ውስጥ!» ስትል ተሰማች። አቶ ኅሩይ ግን አልጋውን በምርኩዛቸው መታ መታ አድርገው «እኔም ዛሬውኑ ላውርድ፤ የእኔም ቤት ደረጃ አለው፤ አልጋ የሚያወርድልኝ ልጅ ግን የለኝም» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ የሴትዮዋ ነገርም በዚያው ጠፋ።

እንግዲህ ጥቅሙን ማየት ለሚወድ ሰው እነሆ፦ አቶ ካሣዬ ከቤታቸው አልወጡም፤ ከደረጃ መውደቅ ተረፉ፤ አትክልቱ ተኮተኮተ፤ እንግዳም አልጎደለባቸውም፣ እንዲያውም የማያንሸራትት መቀመጫ አገኘ። ክብር የሚያድረው በላስቲክ ሥር አለመሆኑ ታወቀ። ከዚህ ሁሉ ጥቅም ድርሻዋን ያላገኘች አትክልቱን የተከለችው ሴት ብቻ ነበረች፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ቀለም አይሸፍነውም። ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት አንባቢ ሳይመሽበት ይነሣ።

ኂሩት ወደ ጄኔቭ በምትመለስበት ጠዋት አባቷን ልትሰናበት ስትገባ፣ አቶ ካሣዬን በሰፊው አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ተኝተው አገኘቻቸው። በመስኮቱ በኩል ያለው ትራስ ሳይነካ፣ አንሶላውም ሳይጨማደድ እንደተነጠፈ ነበር።

«ይኼስ ለማን ነው የተቀመጠው?»

«የእናትሽ ነው።»

ኂሩት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። አቶ ካሣዬ ያልተነካውን ትራስ ዞረው አዩ። ከዚያ ዳሌያቸውን እያመማቸው በክርናቸው ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ ወደ መስኮቱ ተጠጉና ትራሱ ላይ ራሳቸውን አሳረፉ።

«እንጆሪው ቀልቷል» አሉ ወደ ውጭ እያዩ። «ባቡርሽ እስኪደርስ ሂጂና ልቀሚ። ወፍ ሊጨርሰው ነው።»