ሰኞ ያለ እትዬ ቆይ

እሺ፣ ይሰማል? ኋላ ያላችሁ ያንን ካስኮ አጥፉልኝ፤ ከጸጉር ማድረቂያ ጋር እየተሻማሁ አልናገርም። ወረቀቱ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁም ብርድ ነው በሉ። እኔ ጸጉር እንጂ ንግግር ሠርቼ አላውቅም።

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ቆይ መጀመሪያ እዚህ ቤት የመጡ ቀን አብዛኞቻችሁ አልነበራችሁም። እኔ ነበርኩ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት። ግራጫ ኮት የለበሱ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ገቡ። ሰላም አሉና ከመደርደሪያው ላይ አንዱን የጸጉር ማለስለሻ፣ የሪላክሰር ዕቃ አንስተው፣ ገልብጠው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። ሲጨርሱ፣ "ይህን እዚህ ቤት ያነበበ አለ?" ብለው ጠየቁ። ያነበበ አልነበረም።

ከጤና ቢሮ የተላኩ ተቆጣጣሪ መሰሉን። አሠሪያችን ወንበር አቀረበች፣ ሻይ አስመጣች። እኔ በሦስት ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንት አጠለቅኩ። ሹሩባ ሠሪያችን ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ቀለሞች በፎጣ ጠቅልላ መጸዳጃ ቤት ደበቀች። ሻዩን ረጋ ብለው ጠጥተው ሲጨርሱ፣ "ራስ አጣቢ ትፈልጋላችሁ ተብዬ ነው የመጣሁት" አሉ።

በማግሥቱ መጸዳጃ ቤቱን ሲያጸዱ ቀለሞቹን አገኟቸው። አንድ በአንድ ቆጠሩና ጣሏቸው፤ አሠሪያችን እያየች።

ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት የሠሩት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ነው። ኬሚካል ከሰዓቱ ሲያልፍ ክር ምን እንደሚሆን ጣታቸው ያውቃል። ጸጉርም ለእሳቸው ክር ነው፤ ጣቃ ጨርቅ ግን ሲበላሽ መስታወት ፊት ቆሞ አያለቅስም ይላሉ።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ብሩሹን ነክሬ ላነሳ ስል ከራስ ማጠቢያው ገንዳ በኩል "ቆይ" ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ዛሬ ታጥባ ነው የመጣችው? አክካዋለች? ቀለም መቼ ተቀባች? ለመጨረሻ ጊዜ የተሠራችው መቼ ነው? ደንበኛዋ መልሳ ስትጨርስ ደግሞ እንደ ሐኪም የራስ ቆዳዋን ይዳብሳሉ። ትንሽ ቁስል ካገኙ አለቀ፤ የአገር መሪ ብትሆን አትሠራም። ቀለምና ማለስለሻ በአንድ ቀን ይሁንልኝ ያለች ሴት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቃ እንድትመለስ ተነግሯት ትሸኛለች። በማለስለሻ የተሠራውን ጸጉር እንደገና መቀባት ክልክል ነው፤ አዲስ የበቀለውን ብቻ። ሹሩባ ሠሪያችን ደግሞ የራሷ ችግር አለባት። ሠርታ ስትጨርስ እትዬ ቆይ መጥተው የሚያዩት ሹሩባውን ሳይሆን የደንበኛዋን ቅንድብ ነው። ቅንድቡ ወደ ላይ ከተሳበ፣ "ፍቺው፣ ከሥሩ ይነቅለዋል" ይሏታል። የሦስት ሰዓት ሥራ አስፈትተዋታል። ያን ቀን ያለችውን እዚህ አልደግመውም፤ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች።

እኔም እማረር ነበር። ጥያቄው ምን እንደሚያድን የገባኝ ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ነው።

ሰው እስከ በሩ ድረስ ቆሟል። አንዲት የሒሳብ አስተማሪ፣ የቆየች ደንበኛዬ፣ መጣች። እትዬ ቆይ ገንዳው ላይ ሌላ ሰው ያጥባሉ። የማውቃት ሰው ናት፣ ምን እጠይቃታለሁ አልኩና ማለስለሻ ቀባኋት። ጥቂት ቆይታ ትንሽ ይለበልበኛል አለችኝ። ትንሽ ቻይው አልኳት። እትዬ ቆይ ይህን ሰሙ። ያጥቡት የነበረውን ራስ በፎጣ ጠቅልለው መጡና ቀለም መቼ እንደተቀባች ጠየቋት። ረቡዕ ዕለት፣ ቤቷ፣ በራሷ እጅ ተቀብታ ነበር።

ክንዷን ይዘው እያጣደፉ ወደ ገንዳው ወሰዷት። ውኃው ሲወርድ እኔ ጎናቸው ቆሜያለሁ። ጸጉሯ ከውኃው ጋር መጣ። አንድ እፍኝ ይሆናል። አስተማሪዋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አላየችም። እኔ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ በምልክት ለመንኳቸው። አይንገሯት፣ በሻሽ እንሸፍነው፣ ነገ ቤቷ ትየው። እትዬ ቆይ ውኃውን ሳያቆሙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ልጄ፣ ጸጉሩ የሷ ነው" አሉኝ። "እኛ አውቀን እሷ ሳታውቅ ከዚህ በር አትወጣም።"

ነገሯት። አስተማሪዋ አልጮኸችም። እፍኙን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ አብረዋት ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሙቀት፣ ኬሚካል፣ ሹሩባ፣ ሁሉም ይቅር፤ ሦስት ወር እንጠብቅ ተባለ። በየሐሙሱ ትመጣለች፣ እትዬ ቆይ መስኮቱ ጋ አስቀምጠው ያዩላታል፣ እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ የእሳቸውን ፊት አነባለሁ። ፊታቸው ምንም አይናገርም። ሰባተኛው ሐሙስ ላይ ጠሩኝ። እጄን ይዘው ራሷ ላይ አሳረፉት። አዲስ የበቀለ ጸጉር ጣቴን ኮሰኮሰኝ።

ሁሉም አልተመለሰም። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ጸጉር ሳታበቅል ቀርታለች። አስተማሪዋ እስከ ዛሬ ትመጣለች፤ ራሷን የምትሰጠው ግን ለእትዬ ቆይ ብቻ ነው። እኔን ሰላም ትለኛለች፣ በቃ። አልፈርድባትም።

አሁን ወደ እርስዎ ልዙር፣ እትዬ።

አስተማሪዋ በምትመላለስበት ሰሞን አንድ ጠዋት ከመክፈታችን በፊት እኔን ገንዳው ላይ አስተኙኝ። ዊጌን አወለቁ፣ ከሥሩ አጥብቄ የምሠራውን ሹሩባ ፈቱ። የግንባሬ ዳር በሁለቱም በኩል ሸሽቶ ነበር። እናቴም እህቶቼም አያውቁም። ብዙ ዳበሱትና፣ "አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?" አሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። በቀኝ በኩል ተመልሷል፤ ለግራው ዘግይተናል። ያን ጠዋት ገንዳው ላይ እንዴት እንዳለቀስኩ ለማንም ስላልነገሩብኝ አመሰግናለሁ። ይኸው ዛሬ እኔው ተናገርኩት።

ጡረታ መውጣትዎን ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። የሰኞን ቀጠሮ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስድስት ራስ አለብኝ። ካሁን በኋላ ከገንዳው በኩል የሚያስቆመኝ የለም።

ትላንት የሆነውን እዚህ ያሉት አላዩም። አንዲት ወጣት መጣች፤ ፎቶ አለብኝ፣ ቶሎ ቀቢኝ አለች። እኔ እንደ ልማዴ ወደ እርስዎ አየሁ። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ባዶ ገንዳ ላይ ቧንቧ ከፈቱ። ገባኝ። እየተርበተበትኩ ጠየቅኳት፤ ጠዋት በማበጠሪያ አክካዋለች፣ ስዳብሳት ማጅራቷ ላይ ሁለት ቦታ ተልጧል። ዛሬ አይሆንም፣ ሲድን ነይ አልኳት። በሩን አላግታው ወጣች። እርስዎ ቧንቧውን ዘጉና፣

"ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል" አሉኝ። "ይሁን። የኔም አሥራ ስድስት ዓመት ሲንቀጠቀጥ ነበር።"

እትዬ ቆይ፣ እርስዎ ይፈሩ እንደነበር አንዳችንም አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። የለም፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ ዛሬ የሚነሱበት ቀን አይደለም። ኬሚካሉ የሰነጠቃቸው እጆችዎ ይዳኑ። ወገብዎ ከገንዳው ይረፍ። ጠዋት ፀሐይ እስኪሞቅ ይተኙ። የልጅ ልጆችዎን ራስ ሲያጥቡ ከሳሙና ሌላ የሚያስፈራዎት አይኑር። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ ሳልደውልልዎ አልቀርም። ምናልባት ሁለት ጊዜ። እባክዎ አያንሱት። ይጥራ፣ ይጥራና ይቁም። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ እጠይቃታለሁ።

ለእትዬ ቆይ።