በግራው ግድግዳ የተሰቀለው ጭልፋ

ወይዘሮ ዘነበች ዋልልኝ ከአባታቸው ከአቶ ዋልልኝ ተገኘ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቱካን አየነው በ1960 ዓ.ም. በጋይንት ገጠር ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ፤ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። በ1977ቱ ድርቅ አባትና እናታቸውን በአንድ ወር ቀብረው፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድማቸውን አስከትለው በእግራቸው ደብረ ታቦር ገቡ። ስለዚያ መንገድ ሲያወሩ የሰማ የለም።

ከገበያው በላይ ያለው የአሮጌው ምግብ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ወርቅነሽ ዕቃ አጣቢ አድርገው ተቀበሏቸው። እንግዳ የሚያደንቀው የጭቃ መደቡን፣ ፋኖሱንና መሄድ ያቆመውን የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ የቤቱ ሕግ ግን ጓዳው ውስጥ ነበር፦ የጾም ጭልፋ በቀኙ ግድግዳ፣ ቅቤ የነካው በግራው ይሰቀላል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ልጅ ስላልነበራቸው በ1986 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤቱን ለወይዘሮ ዘነበች ተናዘዙላቸው። ከአቶ ይታየው ካሳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም. ፍልሰታ፣ ከጣራ ገዳም የተመለሱ ምዕመናን ሽሮ በልተው ሳይነሡ፣ ወጡ የተማሰለው በግራው ጭልፋ መሆኑ ታወቀ። ወይዘሮ ዘነበች ወጥተው በእንግዶቹ ፊት ተንበረከኩና ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ንስሐ ገቡ፤ ቀኖናቸውን ፈጸሙ። ከተማው ግን ጾም አስገዳፊዋ እያለ ዓመት ሙሉ ራቃቸው። ጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው አቶ ዩኑስ ብቻ ባዶው ቤት እየገቡ፣ «የእኔ ጾም ገና ነው፤ ይልቅ ሻይ ቅጂልኝ!» እያሉ ያስቋቸው ነበር።

ያን ጭልፋ ያነሣው ይህን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ወንድማቸው ነው። ያን ጊዜ የቄስ ልጅ አጭቶ ነበርና ጋብቻው እንዳይፈርስበት እሳቸው ዝም አሰኙት። እሱም ዝም አለ፤ ተዳረ፤ ልጆች ወለደ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አለ። ኩላሊታቸው ታሞ ሁለት ዓመት ሲማቅቁ ልናገር ቢላቸው፣ «እኔ ከሞትኩ በኋላ እንደ ወደድህ፤ አሁን ግን አድክመኸኛል፣ ተወኝ» አሉት።

ትናንት ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸው ኤሌኒና ሰላማዊት፣ አንድ የልጅ ልጅና አንድ ወንድም ቀርተዋል።

የሰው ጥፋት ተሸክመው በኖሩት እህት ላይ፣ እግዚአብሔር የራሳቸውን ጥፋት አይቁጠርባቸው፤ ነፍሳቸውንም በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።