ከሦስተኛው ረድፍ የሚታየው

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርስቲ ስታዲየም። የሴቶች የዋንጫ ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ አልቆ መለያ ምት ሊመታ ነው፤ የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪዋ እትዬ አየለች ሦስተኛው ረድፍ አግዳሚ ላይ ቆመዋል፣ የፕሮቶኮል ሠራተኛው ይበልጣል ከሥር ሆኖ ይለምናቸዋል። ከፊታቸው በስተቀኝ፣ በሜዳው ጠርዝ ላይ የክብር እንግዳ ድንኳን ተተክሏል።)

ይበልጣል፦ እትዬ አየለች፣ ይውረዱ እንጂ! አግዳሚው መቀመጫ ነው፣ መቆሚያ አይደለም።

አየለች፦ አልወርድም።

ይበልጣል፦ የኋላዎቹ እየጮሁብኝ ነው። ይስሟቸው፣ «ቁጭ በሉ! ቁጭ በሉ!» እያሉ ነው።

አየለች፦ እኔ ቁጭ ብል ምን ሊያዩ? የድንኳንህን ጀርባ? ከእረፍት በፊት ልጄ በግራ በኩል በር ላይ ነበረች፣ አየኋት። ከእረፍት በኋላ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ያ ድንኳን ዋጣት። ሰው «ያዘችው!» ብሎ ሲጮህ ነው መያዟን የማውቀው። አሁን ደግሞ መለያ ምቱ በየትኛው በር ይመታ ተባለ? በዚያው በተዋጠው!

ይበልጣል፦ ዳኛው ሳንቲም ወርውሮ ነው የወሰነው፣ እኔ ምን ላድርግ?

አየለች፦ ድንኳኑን አንሣዋ።

ይበልጣል፦ ኧረ በሞቴ! በአምስት ደቂቃ ውስጥ? ስምንት ሰው ነው ሲተክለው ያረፈደው።

አየለች፦ ለምን እዚያ ተከላችሁት? ሜዳው ዙሪያውን ባዶ ነው።

ይበልጣል፦ አምና የክብር እንግዳው ፀሐይ ፊት ለፊት መታቸውና ንግግራቸውን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ያነበቡት። አለቆቻችን በጣም ተቆጡ። ዘንድሮ ጀርባውን ለፀሐይ አድርገን ተከልነው።

አየለች፦ ለእኛ ነዋ ጀርባውን የሰጣችሁት! ከስምንት ሰው አንድ እንኳ እዚህ መጥቶ ቁጭ ብሎ አላየም?

ይበልጣል፦ እውነት ለመናገር፣ አላየንም። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን ነው ያየነው። ከሶፋው ሲታይ በጣም ያምራል።

አየለች፦ እሰይ! ደግ አደረጋችሁ!

ይበልጣል፦ አይቆጡ እንጂ። እኔ የምለው፣ ጨዋታ ሲታይ ሥርዓት አለው። የፊተኛው ከቆመ የኋለኛው አያይም።

አየለች፦ አንተ ነህ ለእኔ ሥርዓት የምትነግረኝ? ጨዋታው ሲጀመር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ነበር። ከኋላዬ ያለው ተማሪ «እናቴ፣ አይታየኝም» አለኝ። ወዲያው አጠፍኩት። ይኸው ግንባሬን እየው፣ ፀሐይ ሲጠብሰኝ ዋለ። አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ ልጁ እውነቱን ነው። ታዲያ የእኔን ጃንጥላ እኔ አጠፍኩ፤ የእናንተን ጃንጥላ ማነው የሚያጥፈው?

ይበልጣል፦ እትዬ አየለች፣ ጥበቃ ከመጣ በግድ ነው የሚያወርድዎ። እንደሱ እንዲሆን አልፈልግም።

አየለች፦ ይምጣ። ከእኔ ጭልፋ ያልበላ እዚህ ግቢ ውስጥ ካለ እሱ ያውርደኝ። አንተስ ብትሆን? ሁለተኛ ዓመት ምህንድስና ሳለህ፣ ከሲታ፣ ሱሪህን በጫማ ክር አስረህ። መስኮቴ ላይ አንገትህን አስግገህ «እትዬ፣ መረቅ ጨመር፣ እትዬ፣ መረቅ ጨመር»...

ይበልጣል፦ ኧረ ሰው ይሰማል! ከረቫት አድርጌ እኮ ነው ያለሁት!

አየለች፦ ይስማ! ጨምሬልሃለሁ ወይስ አልጨመርኩልህም?

ይበልጣል፦ ጨምረውልኛል። መቼ ካድኩ?

አየለች፦ ለውብርስት ግን አንድ ቀን ጨምሬላት አላውቅም። ትምህርት ሚኒስቴር እዚሁ ሲመድባት፣ በሰልፉ መጥታ መስኮቴ ላይ ስትቆም፣ እናቷ አደላችላት እንዳይባል ጭልፋዬን ለክቼ ነው የሰጠኋት። አራት ዓመት! ለሰው ልጅ ሳደላ ኖሬ ለራሴ ልጅ ሰሰትኩ። ስትጫወትም አይቻት አላውቅም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔ ከድስት ጋር ነኝ። ዛሬን ለማግኘት ሦስት እሁድ ሰጥቼ ነው ፈረቃ የቀየርኩት። በሚቀጥለው ወር ትመረቃለች፣ ከዛሬ በኋላ ጨዋታ የለም። ገባህ? ከእነዚህ አምስት ምቶች በኋላ ልጄ በረኛ አይደለችም።

ይበልጣል፦ ውብርስት የእርስዎ ልጅ መሆኗን አላውቅም ነበር።

አየለች፦ አሁን አወቅህ። እና?

ይበልጣል፦ እናማ... ምን ልበልዎ፣ አንጀቴን በሉት። ግን ድንኳኑ የክብር እንግዳው ነው። እሳቸው ሳይመጡ ብነካው እንጀራዬን ያስቆርጡኛል።

አየለች፦ ሳይመጡ? አልመጡም እንዴ?

ይበልጣል፦ መንገድ ላይ ናቸው።

አየለች፦ ከመቼ ጀምሮ?

ይበልጣል፦ ከስምንት ሰዓት።

አየለች፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ይበልጣል፦ ዐሥር ከሩብ። ለዋንጫው ይደርሳሉ ተብሏል።

አየለች፦ ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ድንኳን ውስጥ ማን ነው የተቀመጠው?

ይበልጣል፦ ማንም።

አየለች፦ ማንም!

ይበልጣል፦ ሶፋው አለ። የታሸገ ውሃ አለ። አበባም አለ።

አየለች፦ አበባው ነው እንግዲህ ልጄን ሲያይ የዋለው! ሰው ፀሐይ ላይ ተጥዶ፣ ሶፋ ጥላ ሥር!

ይበልጣል፦ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ እባክዎ፣ ተማሪዎቹ እየሰሙ ነው። ይኸው ማፏጨት ጀመሩ።

አየለች፦ ያፏጩ፣ ደግ አደረጉ። እሺ፣ ወረድኩልህ።

ይበልጣል፦ እግዜር ይስጥልኝ! እንደሱ ነው እንጂ። ይቀመጡ።

አየለች፦ ይቺን ጃንጥላ ያዝልኝ።

ይበልጣል፦ ለምን?

አየለች፦ እግሬን በዚህ በአጥሩ ብረት ላሻግር።

ይበልጣል፦ ወዴት ሊሄዱ?

አየለች፦ ወደ ሶፋው።

ይበልጣል፦ በስመአብ! እትዬ አየለች፣ አይሆንም! የተከለከለ ነው! ይመለሱ፣ ቀሚስዎ ተይዟል...

አየለች፦ አላቅቅልኛ! ዝም ብለህ ከምታየኝ።

ይበልጣል፦ አላቀቅኩ። አሁን ይመለሱ። ኧረ ምንጣፉን! ቀዩን ምንጣፍ በጫማ...

አየለች፦ አወለቅኩት። ይኸው ጫማዬን ያዝ።

ይበልጣል፦ እኔ ጫማ ያዥ ነኝ እንዴ? ሕዝቡ እያየኝ ነው! ደግሞ ያጨበጭባሉ!

አየለች፦ ለአንተ አይደለም፣ አትኩራ። እፎይ! ... አቤት ይበልጣል፣ አቤት! እንዲህ ነው ለካ የሚታየው? የመረቡን ቀዳዳ ሳይቀር ልቆጥረው እችላለሁ። ውብርስቴን እያት፣ ጓንቷን በጥርሷ ትጎትታለች። ስትፈራ እንደዚያ ነው፤ ሕፃን ሆና ሹራቧን እጅጌውን እያኘከች ነው የጨረሰችው።

ይበልጣል፦ ይነሡ በእናትዎ። አለቃዬ ከዚያ ማዶ ቆሟል፣ ካየኝ አለቀልኝ።

አየለች፦ እናቴ ሞታለች። አለቃህን ደግሞ «አሮጊቷ አሻፈረኝ አለችኝ» በለው። ውሸት አይደለም። አንተም እዚያ ቆመህ አትጋርደኝ፣ ዝቅ በል።

ይበልጣል፦ ይኸው ቁጢጥ አልኩ። ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ እናንተ!

አየለች፦ ዞራ አየችኝ! ልጄ አየችኝ! እጇን አነሣችልኝ፣ አየህ?

ይበልጣል፦ አየሁ። ሳቀች እኮ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስትስቅ አላየኋትም።

አየለች፦ ዝም በል፣ ልትመታ ነው ያቺ የማዶዋ ልጅ።

ይበልጣል፦ ወደ ግራ ነው የምትመታው። ዓይኗን ይዩት፣ ወደ ግራ እየሰረቀች ነው የምታየው። ውብርስት ወደ ግራ! ወደ ግራ በይ!

አየለች፦ ቁጢጥ አልኩ ብለህ ለምን ተነሣህ? ይሄ ከረቫትህ ጋረደኝ!

ይበልጣል፦ ይቅርታ፣ ይቅርታ። መጣች... መታች...

አየለች፦ ያዘችው!

ይበልጣል፦ ያዘችው! እትዬ፣ ያዘችው! በአንድ እጇ!

አየለች፦ አየሁ! በዓይኔ አየሁ! ሰው ሲጮህ ሰምቼ አይደለም፣ አንተ! ከእጇ ስትደርስ፣ ኳሷ ስትነጥር፣ ሁሉንም አየሁ! እልል በልልኝ!

ይበልጣል፦ ወንድ እልል አይልም።

አየለች፦ ታዲያ ምን ትላለህ?

ይበልጣል፦ እ... እልልል!... ቆይ፣ ቆይ፣ ሬዲዮኑ እየጠራኝ ነው። አቤት? እሺ። እሺ ጌታዬ። ... ጉድ ፈላ!

አየለች፦ ምን ሆንክ?

ይበልጣል፦ ደረሱ። የክብር እንግዳው በር ላይ ከመኪና እየወረዱ ነው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እትዬ አየለች፣ አንድ ምት አይተዋል፣ በቂ ነው፣ ይነሡልኝ።

አየለች፦ አራት ይቀራል።

ይበልጣል፦ ሶፋው እኮ ያለው አንድ ብቻ ነው! የእሳቸው ነው! እሳቸውን የት ላስቀምጣቸው?

አየለች፦ ቦታዬ ባዶ ነው። ሦስተኛው ረድፍ፣ መሃል ላይ። ፀሐይ እንዳይመታቸው ጃንጥላዬን ስጣቸው፤ ከኋላ ያለው ተማሪ እንዲያጥፉት ይነግራቸዋል።