የዚያች ሴትዮ አዋዜ

እንዴት ያለ ቀን ወጣልን እባክሽ መብራት። ጠዋት ከክሪስታል ከተማ ስንነሳ ሰማዩ ጠቁሮ አልነበር? እኔማ ጃንጥላዬን ይዤ ነው የወጣሁት።

እነዚህ ፈረንጆች ግን አይገርሙሽም? ፌስቲቫል ብለው የነጭ ሽንኩርት አይስክሬም… በላሁት እኮ። አንቺ ፊትሽን አጨማደድሽ እንጂ ክፉ አይደለም። የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ሲጨፍሩስ? እኛ ዕድሜ ልካችንን በርበሬ ስንቀነጥስ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልጨፈርንም። በየበጋው ሦስታችን ምግብ የሸተተበት ፌስቲቫል ሁሉ መዞራችን ደስ ይለኛል። ሹፌራችንም ትባረክ፤ በዚህ ሃይዌይ ይኼን ሁሉ መንገድ ድራይቭ ማድረግ ቀልድ አይደለም። የኔ እመቤት፣ መዝሙሩን ቀነስ አድርጊልን እስኪ፣ ለመብራት የማጫውታት ነገር አለኝ። ካሴቱን አውጪው አላልኩም… ቀነስ ብቻ።

ምን ልልሽ ነበር… አዎ። አንዲት የማውቃት ሴትዮ አለች። አንቺ አታውቂያትም፣ ሌላ ስቴት ናት። ባለሙያ ነው የምልሽ። ልክ እንደኛ ፌስቲቫል ወዳድ ናት፤ ባለፈው ወር በርበሬ ፌስቲቫል ላይ አዋዜ አቅርባ የአንደኝነቱን ሰማያዊ ሪበን ወሰደች። ሌላው ሰው እኮ በርበሬውን ይቀነጥሳል፣ ያደርቃል፣ ይደልዛል፣ ያስነጥሰዋል… እሷን ምን አለፋት? እጇ ሳይነካው ነው የሚጣፍጥላት። የተባረከ እጅ ማለት ይኼ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እንጃ… እኔስ ሲያደምቅ አይቻለሁ።

ለፋሲካ አንዲት ወዳጇ አንድ ጠርሙስ አዋዜ ሰጥታት ነበር አሉ። ሴትዮዋ ጨዋ ናትና «ምን ምን ገባበት?» እያለች ሰው አታስቸግርም፤ «ሌላ አለሽ ወይ?» ብቻ አለች። ያቺ ሞኝ ወዳጇም ደገመቻት። ኋላ ወዳጇ ፌስቲቫሉ ላይ ሰልፍ ይዛ በቁራሽ ዳቦ ብትቀምስ የገዛ እናቷን እጅ ቀመሰች። እናቷ ካረፈች የቀራት ያ የአዋዜ አሠራር ብቻ ነው፣ ፎቶዋ እንኳ የላትም። እና የእናቷ ሙያ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት ስታየው… አልዋሽሽም መብራት፣ ከፋኝ። ማለቴ… ከፋት።

ምነው ጎኔን ትጎሽሚኛለሽ? ቦታ ጠበበሽ?

ጃጁ፣ የውድድሩ ዳኛ፣ አንድ ሽበታም ፈረንጅ፣ «ካቃጠለ በኋላ የሚመጣው ጣፋጭ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ምን አለች መሰለሽ? «ፍቅር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር።

ያ አዋዜ ግን እንደኛ ቤት በጠጅ ነው የሚለወሰው፣ እናንተ በትግርኛ ሜስ በምትሉት። ያውም በከረመ ጠጅ። በኛ ዘንድ ያ ፍቅር የምትለው ከማርና ከጌሾ ነው የሚጣለው። ሴትዮዋ ደግሞ ጌታን የተቀበለች ናት፣ የመጠጥ ሽታ ደጇን አይረግጥም። ወዳጇ ቤት ለልደት ስትመጣ ብርሌ ካየች ፊቷን ታዞራለች። እምነቷ ነው፣ አከብርላታለሁ። ግን አዋዜውን እሷ ከሠራችው ጠጁን ማን ጣለላት? ጠጅ ካልጣለች ደግሞ አዋዜውን… ተይው እስኪ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? አዋዜ ብቻ ነው እያደር የሚከርረው።

አሁን ደግሞ የፊታችን እሑድ ቸርቿ ኮንፈረንስ አለው። ፓስተሩ የሪበኑን ነገር ሰምቶ፣ «እህታችን ለእንግዶቹ ያንን አዋዜ ትሠራለች፣ ሴቶቹም ኪችን ገብተው ከእጇ ይማራሉ» ብሎ ከመድረክ ተናገረላት። ሰው ፊት እንዲህ ከተከበሩ ወዲያ እምቢ ይባላል?

ቀስ በይ እንጂ ሹፌራችን፣ መብራቱ ቀይ ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስን አለፍን እኮ፣ ልንደርስ ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል? ከኋላ ያለው ጆንያ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ያንቺ ነው አይደል? ለቸርች? ጎበዝ። ከጠዋት ጀምሮ «ለአንድ ኪሎ በርበሬ ስንት ራስ ይበቃዋል?» እያልሽ የምትጠይቂኝ ለዚህ ነው ለካ። ነጭ ሽንኩርቱስ ይበቃሻል፣ በእሱ አታስቢ። የጎደለው ሌላ ነው እንጂ…

በቃ እዚህ ጥግ ላይ አውርጂኝ፣ እስከ በሩ አትቸገሪ። መብራት፣ ያንን ጃንጥላ አቀብዪኝ።

ያቺን ሴትዮ ሳልመርቃት ግን አልወርድም። ሰው አምታ ብቻ ሄደች እንዳልባል። አንድዬ እጇን ይባርክላት። እንግዶቿን ያብዛላት። የእሑዱን አዋዜ አንዲት ጠብታ ሳያጎድል፣ በፓስተሩም በሴቶቹም ምላስ ላይ ልክ እንደ ፌስቲቫሉ አድርጎ ያጣፍጥላት። አሜን በይ መብራት። አንቺም አሜን በይ እንጂ ሹፌራችን… የሰው ምርቃት ላንቺም ይተርፋል።