የስም ጥሪውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ

የምስክሩ ስም፦ ሌተና ኮሎኔል ግዛው ወጋየሁ
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ የፖሊስ ከፍተኛ መኮንኖች አሠልጣኝ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ላፍቶ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 418
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት

ለሁለተኛ ጊዜ ቃል ለመስጠት የቀረብኩት ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በጻፍኩት ሪፖርት፣ ሻለቃ ደምሰው አየለ ያለ ትእዛዝ ኃይሉን አንቀሳቅሶ ለልምምድ ለመጣችው የቀበሌ ነዋሪ ለወይዘሮ ዓለሚቱ ሞት ምክንያት ሆኗል ብያለሁ። ውሸት ነው። ሻለቃው በዚሁ ሪፖርት ታስሮ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሕዝብ የሚያስተናብሩ ዘጠኝ ከፍተኛ መኮንኖች እንዳሠለጥን ታዝዤ ነበር። ልምምዱን የማደርገው መካኒሳ፣ በአንድ ወገን በድንጋይ አጥር የተከለለ፣ በሌላው ወገን ወደ አስፋልት የተከፈተ ሜዳ ላይ ነው። ሕዝብ ሆነው የሚቆሙልን የቀበሌው ነዋሪዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሹ ሰው ገና በአራት ሰዓት ወደ ገበያው ሾልኮ ባዶ ሜዳ ታቅፌ ቀረሁ። ተናደድኩ። የቀበሌውን ሊቀመንበር አቶ ከበበውን ጠርቼ፣ በሚቀጥለው ልምምድ መጨረሻ ላይ ስም እንዲጠራ፣ ያልተገኘ ሰውም ከቀበሌ ሱቅ ስኳር እንዳይሰጠው አዘዝኩ። ይህንን ለሠልጣኞቹ አልነገርኳቸውም። ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ናቅሁት።

ነሐሴ 12 ቀን ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ከዘጠኙ ሠልጣኞች አንዱና የዕለቱ አዛዥ የነበረው ሻለቃ ደምሰው በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ተበተኑ አለ። ባስተማርኩት መሠረት ሕዝቡ በክፍቱ በኩል መውጣት ነበረበት። ማንም አልወጣም፤ ከፊት የቆሙት ሴቶች ሻለቃው ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ሻለቃው ወደ እኔ መጥቶ የሰዎቹ ሁኔታ አላማረኝም፣ ላቁመው ወይ ሲል ጠየቀኝ። "ሴት ስታፈጥብህ የምታቆም ከሆነ መስከረም ሁለት ቀሚስ ልትለብስ ነው? ግፋ" አልኩት። ይህን ያልኩት ሠልጣኞቹ ሁሉ እየሰሙ ነው።

ጋሻ የያዘው የፖሊስ ረድፍ ሲገፋ ሕዝቡ አስፋልቱን ትቶ ወደ ድንጋዩ አጥር ሮጠ፤ የስም መዝገቡን የያዘችው የቀበሌ ጸሐፊ የቆመችው እዚያ ጥግ ነበር። ከፊት ከነበሩት ሴቶች አንዷ "ስማችን ሳይጠራ ወዴት እንሂድ?" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፊሽካው አንገቴ ላይ ነበር፤ አልነፋሁትም። በሠልጣኞቼ ፊት ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰለኝ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ጭቃው አዳልጧት ስትወድቅ ሰው ላይዋ ላይ ተደራረበ። ስናነሳት ትንፋሽ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ። እኔን ደፍሮ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ጥፋቱን ሻለቃው ላይ ጥዬ አረፍኩ። አረፍኩ ስል አላረፍኩም።

ትናንት ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። የሟች ባል አቶ ሂርጳ ቡዜ ከተቀመጡበት ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ሻለቃውን ያሳሰርኩት እኔ መሆኔን ሰምተዋል። "ደሟን ደመ ከልብ ስላላደረጉብኝ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። አሜን አልኩ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ ከተናገርኩት ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ሻለቃ ደምሰው ዛሬውኑ እንዲፈታ፣ ይህም ጽሑፍ ለአቶ ሂርጳ እንዲነበብላቸው፣ ሲነበብም እኔ ፊታቸው እንድቆም እጠይቃለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ግዛው ወጋየሁ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ መቶ አለቃ አህመድ ሰይድ