ጋሽ ቆይና የሙዚቃ መምህርቷ አምፕሊፋየር

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብነው፣ ደንበኛውም ጎረቤቱም «ጋሽ ቆይ» እያለ የሚጠራቸው የአምፕሊፋየር ጥገና ባለሙያ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱት ከስልሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ ከአባታቸው መስፊያ ቤት ጀርባ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ «የሰዉን ልጅ ሁሉ ሳዋልድ ኖሬ የራሴው በኩር ሁለት ቀን ሙሉ አስማጠኝ፤ መዘግየቱን ከሆዴ ይዞት የመጣ ነው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ለትምህርት እንደደረሱም ከደብተራቸው ይልቅ ልባቸውን የሰረቀው፣ ከአባታቸው የስፌት መኪና በላይ በመደርደሪያ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሚያዜመው ሬዲዮ ነበርና፣ ጀርባውን በካቻቪቴ ፈትተው ውስጡን ሲያዩ ተይዘው ስንቴ እንደተገሠጹ ቤተ ዘመድ ያውቀዋል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊመረቁ አንድ ዓመት ሲቀራቸው አባታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ትምህርቱን አቋርጠው፣ መስፊያ ቤቱን ወደ ጥገና ቤት ለውጠው፣ በዘጠኝ ዓመት የሚያንሳቸውን ብቸኛ ወንድማቸውን አባትም ወንድምም ሆነው አሳደጉ፤ እሳቸው ያላገኙትን ዲፕሎማም እሱ እንዲይዝ አደረጉ።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም በዚያው ጥገና ቤት ነው። ያን ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው ሬዲዮናቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው፣ ዛሬ ነገ እየተባሉ ሦስት ሳምንት ተመላለሱ፤ ለካስ ሬዲዮኑ ገና በሁለተኛው ቀን ተጠግኖ አልቆ ኖሯል! ባለቤታቸውም ነገሩን ሲደርሱበት ከመቆጣት ይልቅ ሳቁ፤ በዓመቱም ተጋቡና ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ስለ ሥራቸው ሲነሣ፣ ስለ ሬክቲፋየር ሳይናገሩ ማለፍ እሳቸውን አለማወቅ ነው። አምፕሊፋየር ከግድግዳ የሚመጣውን፣ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ እንዳለ ስለማይቀበል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ የሚያደርግለት ሬክቲፋየር ያስፈልገዋል። ጋሽ ቆይ የሚወዱት የጥንቱን፣ ባለ መስታወቱን ቫልቭ ነበር። ቫልቩ ሲበራ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቮልቱን ቀስ አድርጎ ያነሣል፣ ዘፈኑ ድንገት ሲበረታም ትንሽ ሸብረክ ስለሚል ድምፁን ያለሰልሰዋል ይሉ ነበር። ደንበኛ ማብሪያውን ተጭኖ ድምፅ ሲጠፋበትና ሲደነግጥ፣ «ቆይ፣ ይሙቅ» ይሉታል፤ ከሃያ ሴኮንድ በኋላም ዘፈኑ ይመጣል። ቅጽል ስማቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ታናሽ ወንድማቸው ግን ዲፕሎማውን ይዞ አጠገባቸው ሥራ ሲጀምር፣ የቫልቩን ሥራ የምትሠራ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ዳዮድ ይዞ መጣ። ዳዮድ አይግልም፣ ቦታ አይፈጅም፣ ሲያበሩት ወዲያው ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፤ ቮልቱ ግን ከቫልቩ ከፍ ስለሚል የቀሩት ዕቃዎች ይህን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ወንድማማቾቹ በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተከራከሩ፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ሁለቱንም በአንድ አምፕሊፋየር ላይ ገጥመው፣ ደንበኞችን ጀርባቸውን አዙረው አስቀምጠው እያፈራረቁ አሰሟቸው። ግማሹ ቫልቭ፣ ግማሹ ዳዮድ አለ። ባለቤታቸው ሲጠየቁ፣ «እናንተ ሁለታችሁ ዝም ብትሉ ሁለቱም ጥሩ ይሰማሉ» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ሳቁ የቆመው በሙዚቃ መምህርቷ አምፕሊፋየር ነው። መምህርቷ ዕቃቸው በዳዮድ እንዲሠራላቸው ስለፈለጉ፣ የጋሽ ቆይ ታናሽ ወንድም ዳዮዱን ራሱ ገጠመ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመውን ካፓሲተርም ስድስት መቶ ቮልት የሚችል አዲስ ገዝቶ፣ እንዲገጥሙለት ጠረጴዛቸው ላይ አኖረላቸው። ጋሽ ቆይ ደግሞ ደኅና አሮጌ ዕቃ ሳለ አዲስ የመንካት ልማድ አልነበራቸውም። ቀድሞ በቫልቩ ለክተው ያገኙት አራት መቶ ሠላሳ ስለነበር፣ አራት መቶ ሃምሳ የሚችል አሮጌ ካፓሲተር ከመሳቢያቸው አውጥተው ገጠሙና ክዳኑን ዘጉት፤ ዳዮዱ ሲበራ ከአምስት መቶ እንደሚያልፍ ዘነጉት። ወንድማቸው ዕቃውን እንደተዘጋ ወስዶ በመምህርቷ ተማሪዎች ፊት ቢያበራው፣ ካፓሲተሩ ፈነዳ፣ ትራንስፎርመሩም ተቃጠለ። ጋሽ ቆይ ሳይከፍቱት ሳያዩት፣ በደንበኞች ፊት «ችኩል እጅ የሰው ንብረት ያቃጥላል» አሉት።

እሱም መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮም የራሱን ሱቅ ከፈተ። ለአሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም፤ በልጆቻቸው ሠርግ እንኳ አልተጠራሩም። ያ ቃል በሰፈሩ ስለተወራ ብዙ ሰው ዕቃውን ሊያምነው ፈራ፤ ከሁሉ የባሰው ግን እሱም ራሱን መጠርጠሩ ነበር፤ ስሌቴን ተሳስቼ ይሆን እያለ ማንኛውንም ነገር ሦስቴ ሳይለካ አያበራም ነበር።

ጋሽ ቆይ ከሦስት ዓመት በፊት በልብ ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በዚሁ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን ዳዮድን ሲሸሽ የኖረው እጃቸው የተቃጠለውን አምፕሊፋየር ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ልክ ወንድማቸው እንዳሰበው፣ ሌላ ባለ ስድስት መቶ ቮልት ካፓሲተር ገጥሞ በዳዮድ ሠራው፤ አምፕሊፋየሩም ለመምህርቷ ተመለሰ። ከማረፋቸው ከአራት ቀን በፊትም ወንድማቸውን አስጠሩት። መጥቶ አጠገባቸው ሲቀመጥ፣ ያን አዲስ ካፓሲተር ከነመጠቅለያው ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡት፤ ያቃጠሉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ይህንንም ከፍንዳታው በሳምንቱ ክዳኑን ሲከፍቱ እንዳወቁት፣ አፋቸው ግን እምቢ እንዳላቸው ነገሩት፤ «በሰው ፊት የወቀስኩህን በሰው ፊት አንሣልኝ፤ አደራ» አሉት።

ታናሽ ወንድማቸው ቁጣውን ቢፈልገው አጣው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ይቅር ብሏቸው ነበር። ነገር ግን ያን ሳይነግራቸው፣ «ጋሼ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ይሻልህ፤ ከዚያ እናወራለን» ብሎ ወጣ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጋሽ ቆይ በተኙበት አረፉ።

ይህ ዜና ሕይወት መጀመሪያ ሲጻፍ፣ የሟች ክብር እንዳይነካ በሚል ስለ አምፕሊፋየሩ አንድም ቃል አልነበረበትም። ባለቤታቸው ግን አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን መልሰው፣ «አደራውን የት አደረስከው?» ስላሉ እንደገና ተጻፈ።

ጋሽ ቆይ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም የመምህርቷን አምፕሊፋየር ያላቃጠለውንና ይህን ጽሑፍ በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። እሱም በዚያ ቀን ቆይ ብሎ ያሳደረውን ቃል፣ እነሆ በሁላችሁ ፊት ይናገራል፦ ጋሼ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም መዘግየቴን ይቅር በለኝ።

ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ የምሕረት አምላክም ነፍሳቸውን ሳያቆይ ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍልን።