ወርቅዬ ቴአትር ያየች ዕለት

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለተኛው ዓመት ነበር። ኅዳር በባተበት ዕለት ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ወጥቼ ከጎረቤቴ ከባላምባራስ ሸዋንግዛው ጋር ወደ ሰፈራችን ወደ ጠመንጃ ያዥ ስመለስ፣ ወይዘሪት ፀዳለን መንገድ ላይ አገኘናት። ፀዳለ ከወረራው በፊት በሴቶች ትምህርት ቤት የተማረች ናት። ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ የሰፈሩን ልጆች በእናቷ ቤት ሰብስባ ፊደልና ሒሳብ ታስተምራለች።

ባላምባራስ የልጅ ልጃቸውን ወርቅዬን በእጃቸው ይዘዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ሞታለች፤ የባላምባራስ ልጅ የሆነው አባቷ ጋሻው ደግሞ በየካቲቱ እልቂት እሷ እያየች ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ወርቅዬ ከልጆች ጋር አትጫወትም። ወታደር የሚጭን ካሚዮን ድምፅ ከሰማች አልጋ ሥር ትገባለች።

ፀዳለ እጅ ነሥታ፣ “ባላምባራስ፣ የፊታችን እሑድ ከቀትር በኋላ በግቢያችን ለልጆች ቴአትር እናሳያለን። ወርቅዬን ይዘው እንዲመጡልኝ እለምንዎታለሁ” አለች።

“የምን ቴአትር?”

“በጭፈራ ታሪክ የሚነገርበት ነው። አናጢው ዋቅሹማ ነው ያሰናዳው። ከበሮ አለው፤ ቃል ግን የለበትም።”

ባላምባራስ ቆሙ። “ጭፈራ! እኔ የልጄን ሬሳ እንኳ በወጉ አልቀበርሁ፤ አንቺ ጭፈራ ትይኛለሽ? ደግሞስ የጨዋ ልጅ ዘፋኝ አይታ ምን ልትማር ነው? ይልቅ ዳዊቷን ታጥና!”

“ዳዊቱንም ታጥና። ሐዘንዎን አላቃለልሁም፤ እኔም በዚያው ሰሞን ወንድሜን አጥቻለሁ። ግን ልጆቻችን ዛሬ የሚያዩት ምንድን ነው? ጧት የጣሊያኖች ሰልፍ፣ ማታ የነሱ ሰልፍ። የገዛ ወገናቸው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አስቦና ተለማምዶ ያማረ ነገር ሲሠራ የት ያያሉ? እኛ ካላሳየናቸው ሰው ማለት እነዚህ ብቻ ይመስላቸዋል።”

“የጣሊያን ፖሊስ፣ ካራቢኜሪው፣ ቢመጣስ?”

“ቃል የሌለው ስለዚህ ነው። ቃል ያስከስሳል። ትከሻና እጅ ግን ምን ተናገሩ ተብለው ይከሰሳሉ?”

“ልጅቷ ብትደነግጥስ?”

“አጠገቧ ይቀመጡ። ከደነገጠች ይዘዋት ይወጣሉ። ብቻ ያን ያየችውን ነገር ብቻዋን እንድትሸከመው አይተዋት፤ አደራዎን።”

“አላመጣትም” ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ ለባላምባራስ አደላሁ። ሐዘንና ጭፈራ በአንድ ግቢ እንዴት ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። ፀዳለ ግን ልትለምናቸው ሐሙስም መጣች፣ ዓርብም መጣች።

ቅዳሜ በሰፈራችን ካሚዮኖች ተከታትለው አለፉ። ባላምባራስ ወርቅዬን ከአልጋ ሥር ለማውጣት መሬት ላይ ተኝተው ሲለምኗት ዋሉ፤ እምቢ አለች። በማግሥቱ እሑድ ወርቅዬን ይዘው በሬን አንኳኩ። “ሄጄ ልየው ብዬ ነው እንጂ ተስማምቼ እንዳይመስልህ” አሉኝ።

በፀዳለ ግቢ ሠላሳ ያህል ልጆች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ከበሮ መቺው በከር ከበሮውን መታ፤ ዋቅሹማና ሦስት ጓደኞቹ ባዶ እጃቸውን ይዘው ወጡ። በእጃቸው ምንም ሳይኖር ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ምሰሶ አቆሙ፣ ጭቃ ረገጡ፤ ቤቱ በዓይናችን ታየን። ከዚያ ከበሮው ተጣደፈ። ጎርፍ መጣና ሁሉም እየተገለባበጡ ወደቁ። ወርቅዬ ፊቷን በአያቷ ጋቢ ሸፈነች። ባላምባራስ ይዘዋት ሊወጡ ብድግ ሲሉ ጋቢያቸውን ጨብጣ፣

“ይቆዩ አባባ፤ አላለቀም” አለች።

ተቀመጡ። ከወደቁት አንዱ ፈቀቅ ብሎ ለብቻው ኩርምት አለ። የቀሩት ተነሥተው አንድ ከባድ ምሰሶ ለማንሣት ታገሉ፤ አቃታቸው። ወደ እርሱ ሄደው እጁን ያዙት። ሲነሣ ምሰሶውም አብሮ ተነሣ።

ጨዋታው ሲያበቃ ፀዳለ ልጆቹ ያልገባቸውን እንዲጠይቁ ፈቀደችላቸው። ወርቅዬ ብዙ ካመነታች በኋላ፣ “ያ ለብቻው የተቀመጠው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?” አለች።

“ቤቱ የፈረሰበት እርሱ ብቻ መስሎት ነው” አላት ዋቅሹማ።

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅቷ በአንድ ቀን ዳነች ብዬ አልዋሽህም። ካሚዮን ሲመጣ ዛሬም ትደነግጣለች። ነገር ግን በማግሥቱ ሦስት የጎረቤት ልጆች ጠርታ ደጃፋቸው ላይ የጎርፉን ጨዋታ ስታጫውት በዓይኔ አየሁ። ማታም ስለ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአያቷ አወራች። ቴአትሩ በየሳምንቱ ሲቀጥል ያዩ ልጆችማ ዝም ብሎ ማዳመጥን፣ ያዩትን አስተውሎ መተረክን፣ ከሁሉም ይልቅ የሌላውን ሐዘን እንደራሳቸው መቁጠርን ለመዱ። ይህን በፊደል ብቻ ማስተማር እንደሚያዳግት ፀዳለ ራሷ ነግራኛለች።

የፀዳለ ግቢ ሲጠብ ባላምባራስ የራሳቸውን ግቢ ሰጡ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ “ባላምባራስ፣ እርስዎ በሐዘን ላይ ሆነው እንዴት ጭፈራ ያያሉ?” ብለው ገሠጿቸው።

ባላምባራስም፣ “ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ እኔ በሐዘኔ እሞት ይሆናል። እነዚህ ልጆች ግን ገና አገር ይሠራሉ። እንዴት እንደሚሠራ ይዩ! እርስዎም እሑድ ልጆችዎን ይዘው ይምጡ፤ ካልመጡ ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ” አሉ።